ካስተም አሻንጉሊት፦ የልጅነት ጀግኖችን እንደገና መሥራት

ከፋብሪካ የወጣን ተዋጊ አሻንጉሊት ፈታትቶ፣ የሌላ አሻንጉሊት ራስ ገጥሞ፣ በስቱኮ ጡንቻና ጥሩር ጨምሮ፣ እንደገና ቀለም ቀብቶ ሌላ ጀግና ማድረግ በአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ዘንድ «ካስተም መሥራት» ይባላል። ሥራው በብዙ የአሻንጉሊት ዓይነቶች ላይ ይሠራል። እጅግ ከደመቀባቸው መካከል ግን የማቴል ኩባንያ «ማስተርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ»፣ ማለትም የጀግናው የሄ-ማንና የጠላቱ የስኬለተር ዓለም አንዱ ነው። ይህ ዳሰሳም በዚያው ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄ-ማን ራሱ የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። በ1980 መጨረሻ ላይ የማቴል ዲዛይነር ሮጀር ስዊት፣ ቢግ ጂም የሚባለውን የኩባንያውን የቆየ አሻንጉሊት ወስዶ በውጊያ አቋም አቆመውና ትከሻውና ጭኑ እስኪገዝፍ ድረስ ጭቃ ለጠፈበት። በዚህ ዓይነት ሦስት ናሙና አዘጋጅቶ በጀሶ ካወጣቸው በኋላ ለአለቆቹ አቀረበ፤ አንዱ የጥንት ተዋጊ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ የጠፈር ሰው ነበር። የሌላው ዲዛይነር የማርክ ቴይለር ሥዕሎች ደግሞ ለገጸ ባሕርያቱ መልክና ልብስ ሰጧቸው። ሄ-ማንን በእርግጥ የፈጠረው ማነው የሚለው ክርክር ለዓመታት የቀጠለ ነው። የማያከራክረው ግን በ1982 ለገበያ የቀረበው ጀግና በሌላ አሻንጉሊት ገላ ላይ በተለጠፈ ጭቃ ማለፉ ነው። በልጅነቱ የጭቃ በሬ ሠርቶ ቀንድ የለጠፈ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚሰማውን ደስታ እኔ አውቀዋለሁ።

ፋብሪካውም ያንኑ መንገድ ቀጠለበት። ፕላስቲክ የሚወጣበት የብረት ሞልድ ውድ ስለሆነ፣ ማቴል አንዱን ገላ ለብዙ ገጸ ባሕርይ ያውለው ነበር። የሄ-ማን ነብር ባትል ካት በፊት የቢግ ጂም ነብር ነበረ። ለ25 ሳንቲሜትሩ ቢግ ጂም መጠነኛ የሆነው አውሬ 14 ሳንቲሜትር ለሚሆነው ሄ-ማን ግዙፍ ሆነለት፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ኮርቻ ሲጫንበት የሚጋለብ ሆነ። በ1983 የወጣው ፌከር ደግሞ ቆዳው ሰማያዊ የሆነ ሄ-ማን ነው፤ የስኬለተርን ጥሩር በብርቱካን ቀለም ለብሶ፣ ደረቱ ላይ የማሽን ቴፕ የሚያሳይ ተለጣፊ ይዞ ሮቦት ሆነ። የ1985ቱ ሞስ ማን፣ ቢስት ማን በተባለው ጸጉራም አውሬ-ሰው ገላ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ጸጉር ተለጥፎበትና የጥድ ሽታ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ስቲንኮር የተባለ የሚሸት ገጸ ባሕርይ፣ መር-ማን የተባለውን የባሕር ፍጡር ራስ ተውሶ ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ ሽታውም ከፕላስቲኩ ጋር ስለተቀላቀለ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ይሸታል።

እንዲህ እየተቀያየረ ያደገን አሻንጉሊት ያየ ልጅ እርሱም መቀያየር መፈለጉ አይገርምም። ኩባንያው ራሱ በ1985 ልጆች የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ፈጥረው እንዲልኩ ውድድር አወጣ። ያሸነፈው የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ካሜራ የሆነ ጀግና፣ ፊርለስ ፎቶግን ፈጠረ። ይሁን እንጂ አሻንጉሊቱ በዚያ ዘመን አልተሠራም። በ2012 የማስተርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ የአሻንጉሊት መስመር (ተከታታይ ምርት) 30ኛ ዓመት ሲከበር ነው የወጣው፤ ልጁም በዚያን ጊዜ ጎልማሳ ሆኗል።

ለካስተም ትልቁን ምክንያት የሰጠው ግን በካርቱኑና በአሻንጉሊቱ መካከል የነበረው ክፍተት ይመስለኛል። ከ1983 እስከ 1985 ፊልሜሽን የተባለው ስቱዲዮ 130 ክፍል የሄ-ማን ካርቱን ሠራ፤ በ1985 ደግሞ የመንትያ እህቱ የሺ-ራ ካርቱን ተከተለ። በካርቱኑ ዘወትር የሚታዩ አንዳንድ ሰዎች በሱቅ አልነበሩም። የሄ-ማን እናት ንግሥት ማርሊናና የሺ-ራ ጠላት ሻዶ ዊቨር በዚያ ዘመን አሻንጉሊት አልወጣላቸውም። ማቴል ሁለቱንም የሠራቸው በ2008 ለአዋቂ ሰብሳቢዎች በጀመረው «ክላሲክስ» በተባለው መስመር ነው። እስከዚያው ድረስ ንግሥቲቱን ከንጉሡ አጠገብ ማቆም የፈለገ ሰው በገዛ እጁ ከመሥራት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ሥራው የሚጀምረው መለዋወጫ በመሰብሰብ ነው። እጅ የጎደለው፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ እግሩ የተንዘላዘለ አሻንጉሊት በርካሽ ይገዛል። የ1980ዎቹ ሄ-ማን እግሮች በገላው ውስጥ ባለፈ ላስቲክ የተያዙ ስለሆኑ፣ ላስቲኩ ሲያረጅ እግሩ ይላላል፤ መጠገኛውም ላስቲኩን መለወጥ ነው። የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ቪኒል ከተባለ ለስላሳ ፕላስቲክ ስለተሠራ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ በቀስታ ሲሳብ ይወጣል። ቀዝቃዛውን ራስ በኃይል የሚጎትት ሰው አንገቱን ይሰብራል። ጠንካራውን ደረት ለመክፈት ግን ስፌቱን በምላጭ ቀስ ብሎ መከተል እንጂ ሙቀት ብዙ አይረዳም።

ቅርጽ የሚጨመረው ሁለት ክፍል ባለው፣ ሲደባለቅ በሚጠነክር ኢፖክሲ ስቱኮ ነው። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ለኩል ሲለወሱ መድረቅ ይጀምራሉ፤ ለቀራጩ ያለው ጊዜ አንድና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በምድጃ የሚጋገረው የፖሊመር ሸክላ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ሆኖም የሚጋገረው ወደ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ፕላስቲኩ አብሮት ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ራስ ወይም የራስ ቁር ለብቻው ተጋግሮ በኋላ ይገጠማል። ከባድ ክንፍ ወይም ቀንድ በሙጫ ብቻ አይቆምም፤ ገላው ተበስቶ ሽቦ ይገባበትና ስቱኮው በሽቦው ላይ ይሠራል።

ጀማሪን የሚያሸንፈው መገጣጠሚያው ነው። ቀለምም ስቱኮም ውፍረት አላቸው፤ ክንዱ በዞረ ቁጥር ሁለቱ ገጾች ይፋተጉና ቀለሙ ይላጣል። ልምድ ያለው ሰው ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚፋተጉትን ገጾች በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ያሳንሳቸዋል። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከሚፈለገው ቀለም ጋር የሚቀራረብ ቀለም ካለው ፕላስቲክ ይነሳል፤ ያኔ ቢላጥም አያጋልጥም። ለእይታ ያማረ ግን መንቀሳቀስ ያቃተው ካስተም በእኔ ዓይን ግማሽ ሥራ ነው፤ አሻንጉሊት በእጅ ሊያዝና ሊንቀሳቀስ የተሠራ ነውና።

ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ በውሃ ቀጥኖ በስስ ንብርብር ይቀባል። የሚረጭ ቀለም ለስላሳ ቪኒል ላይ ክፉ ጠባይ አለው። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ላይ እየወጣ ከቀለሙ ጋር ስለሚቀላቀል ገጹ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይደርቅ እጅ ላይ ይጣበቃል። በደንብ ከተቀባ በኋላ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም በጣም ቀጥኖ ሲፈስበት በጡንቻውና በልብሱ እጥፋት ውስጥ ይተኛና ጥላ ይሆናል። ቀጥሎ ብሩሹ እስኪደርቅ ተጠርጎ በነጣ ቀለም ጫፎቹ ብቻ ዳበስ ዳበስ ይደረጋሉ። የቢስት ማን ጸጉር ሕይወት የሚያገኘው በዚህ ነው። የማያበራ ቫርኒሽ ይደርብበታል፤ ዓይኑ ግን የሚያበራ ይቀባል።

ዛሬ ብዙ ሰው የአሻንጉሊቱን ራስ በኮምፒውተር ቀርጾ፣ ሬዚን የተባለ ፈሳሽ ፕላስቲክን እያጠነከረ ቅርጽ በሚያወጣ ፕሪንተር ያትመዋል። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን ስለሚጎዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ የስቱኮም የሬዚንም አቧራ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ጭንብል የግድ ነው። ይህን የሚንቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ኩባንያዎቹም ወደ ሠሪዎቹ ተጠግተዋል። የ2002ቱንና የ2008ቱን ማስተርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ የቀረጸው «ፎር ሆርስመን» የተባለ ስቱዲዮ፣ በ2015 ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ «ሚቲክ ሊጅንስ» የተባለ የራሱን መስመር ጀመረ፤ ራስ፣ ክንድና ጥሩር ከአንዱ ተዋጊ ወደ ሌላው እንዲዛወር ታስቦ የተሠራ ነው። ማቴልም በ2020 ወደ ሱቅ ባመጣው «ኦሪጅንስ» ራሱን፣ ክንዱንና ቡትሱን ያለ ምላጭ እየነቀሉ መለዋወጥ እንዲቻል አደረገ።

በሠሪዎቹ መካከል ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው አሮጌ አሻንጉሊት መቁረጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ማሸጊያው ያልተከፈተን የ1982 ሄ-ማን ለካስተም መቁረጥ እኔም አልደግፍም፤ የተሰበረው ሞልቶ ሳለ ጤነኛውን መፍታት ብክነት ነው። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። ሌላ ሰው የቀረጸውን ራስ በሲሊኮን ሞልድ ገልብጦ፣ በሬዚን አብዝቶ፣ ያለ ፈቃድ መሸጥ በሙያው ውስጥ እንደ ስርቆት ይቆጠራል። አንድ ራስ ለመቅረጽ ቀናት ይፈጃል፤ ለመገልበጥ አንድ ማታ ይበቃል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ካስተሙን ሲያሳይ የአሻንጉሊቱን ራስ ማን እንደቀረጸው፣ ገላው ከየትኛው አሻንጉሊት እንደተወሰደና እርሱ ራሱ የጨመረው የቱ እንደሆነ አብሮ ይጽፋል።