ደቦ በጎጃም፦ ሥራው፣ ዜማውና ማዕዱ

ደቦ አንድ ገበሬ በቤተሰቡ ጉልበት ብቻ በጊዜ የማይጨርሰውን ሥራ ጎረቤትና ዘመድ ጠርቶ በአንድ ቀን የሚያስነሳበት ልማድ ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም። ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል። የመጣው ይሠራል፣ ይዘፍናል። ልማዱ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች አለ። የጎጃሙን ያየ ሰው ግን ሥራ ነው ወይስ ድግስ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከደቦ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ወንፈል ነው። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ አንዱ ማሳ ላይ አንድ ቀን ከተዋለ፣ ነገ ሌላው ማሳ ላይ አንድ ቀን ይዋላል። ሂሳቡ ይያዛል። ደቦ ላይ ሂሳቡ ላላ ይላል። ሠላሳ ሰው የጠራ ገበሬ የሠላሳውንም ቀን ቆጥሮ ይመልስ የሚል የለም። ሲጠሩት ግን ይሄዳል። ከታመመ ልጁን ይልካል። በቀረ ቁጥር የሚቀጣው የለም፣ ሆኖም የራሱ እህል ሲደርስ ማን ይመጣለታል?

ጎጃምን አባይ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይከበዋል። ከአባይ በረሃ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው ጮቄ ድረስ አየሩም ሰብሉም ይለያያል። ቆላው ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል፣ ደጋው ገብስና ድንች። ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናንና ሜጫ በበቆሎ ይታወቃሉ። ዳጉሳና በርበሬም በዚያው በምዕራቡ በኩል አለ። ቢቸና፣ ደጀንና አዴት ሲባል ደግሞ ቀድሞ የሚመጣው ጤፍ ነው።

ከሁሉም ደቦ የሚፈልገው ይኸው ጤፍ ነው። መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ ሐምሌ ላይ ይዘራል። አረሙ በእጅ ነው የሚነቀለው፣ ጎንበስ ተብሎ። ኅዳር አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከቆየ ይረግፋል። ያለወቅቱ ዝናብ ከመታው መሬት ላይ ይተኛና ይበላሻል። ስለዚህ አምስት ሰው በስድስት ቀን የሚያጭደውን ሠላሳ ሰው በአንድ ቀን ቢያነሳው፣ የሰው ጉልበት ያው ቢሆንም፣ ያተረፈው አምስት ቀን አንዳንዴ የዓመት ቀለብ ነው።

ቀኑን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በወር ውስጥ የእርሻ ሥራ የማይሠራባቸው በዓላት ብዙ ናቸው፦ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድም አለ። የአጥቢያው ታቦት በዓል ይጨመርበታል። በተረፉት ቀኖች ላይ ደግሞ ሁሉም ደቦ መጥራት ይፈልጋል። ቀድሞ የተናገረ ያሸንፋል። መናገሪያው አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ። «ማክሰኞ ጤፍ አለብኝ» ማለት ይበቃል።

ዜማው የሚጀመረው አጫጆች ማሳው ዳር ሲሰለፉ ነው። መሣሪያ የለም። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፣ ዋሽንት የእረኛ። እዚህ ያለው ጉሮሮ ብቻ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪው ስንኝ ሲጥል ማጭዱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ተቀባዩ ሲመልስ ጭብጡ ይቆረጣል። ዜማው ሲፈጥን እጅ ይፈጥናል። ስለዚህ ጥሩ አውጪ ያለበት ደቦ ቀድሞ ይጨርሳል ሲባል ወሬ ብቻ አይደለም። ጎበዝ አውጪ ሰው ሳይሟሟቅ ፍጥነት አይጨምርም፣ ከምሳ በኋላ ግን አይምርም። ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ጎን ሌላውን እንዲያሳድድ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ግጥሙ ከቤት ተዘጋጅቶ አይመጣም። አውጪው ያየውን ያነሳል። ባለማሳውን ያወድሳል። ከሰልፍ ወደ ኋላ የቀረውን ይነካካል። ጠላው ከዘገየ እመቤቲቱን በሰም እየሸፈነ ይጠይቃል። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ ከሩቅ ሳይቀር ተማሪ ቅኔ ፍለጋ የሚመጣበት። ያ ሰምና ወርቅ በየቅኔ ቤቱ ተቆልፎ አልቀረም፣ ማሳ ድረስ ወርዷል ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ወደ ማታ ቀረርቶና ፉከራ ይገባል። ማጭድ የያዘ ሰው ሲፎክር አጠገቡ አለመቆም ነው። በአዊ በኩል ደግሞ በአገውኛም ይዘፈናል።

አሁን ወደ ማዕዱ። ደቦ ሲነሳ የወንዶቹ ማጭድ ብቻ ይወራል፤ ይሄ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወንዶቹ አንድ ቀን ነው የሚሠሩት። የቤቱ እመቤት ሥራዋን የምትጀምረው ከሳምንት በላይ ቀድማ ነው። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ብቅል ይገባል። የተቆላው እህል ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። ከዚያ ጋን ውስጥ ይደፈደፍና ይከደናል። ዳጉሳ ባለበት አገር እንኩሮው የዳጉሳ ነው፣ በሌላው የገብስ ወይም የበቆሎ። እንጀራው የሚጋገረው በዋዜማው ነው። ጎረቤት ሴቶች ምጣድና ዱቄት ይዘው ይመጣሉ። እነሱም ደቦ ላይ ናቸው፣ ስሙን የሰጣቸው የለም እንጂ።

የጤፍ አጨዳው ሰሞን ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፦ ከኅዳር 15 እስከ ገና። ስለዚህ የዓመቱ ትልቁ የደቦ ማዕድ የጾም ማዕድ ነው። ቅቤም ሥጋም የለም። የባቄላና የሽምብራ ሽሮ፣ ተልባ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በርበሬው ደማቅ የሆነ ወጥ ይቀርባል። የሚጾመው ሰዓቱ ሳይደርስ አይቀምስም። የነሐሴ አረምም ከፍልሰታ ጋር ይጋጫል። በፍስክ የሚወድቅ ደቦ፣ ለምሳሌ ከገና በኋላ የሚደረግ ውቂያ፣ ሌላ ነው። ያኔ ዶሮ ወይም በግ የሚጠብቅ አይጠፋም። ጠላ ግን በጾምም በፍስክም አይቀርም። ለሠራተኛ ቅራሪ ያቀረበ ቤት በአውጪው አፍ ይወድቃል፣ ስንኙም ለከርሞ ይቆያል።

የታጨደው ታስሮ ነዶ ይሆናል፣ ነዶው ይከመራል። ቀጥሎ አውድማ ነው። አውድማው በእበት ይለቀለቅና ይደርቃል። ጫማ አውልቆ መግባት ደንብ ነው። በሬዎቹ ነዶው ላይ እየዞሩ ያበራያሉ፤ እበት ሲጥሉ እህሉን ሳይነካ ቶሎ የሚያነሳ ልጅ ከኋላ ይከተላል። የአውድማ ዜማ ዝግ ያለ ነው፣ የሚዘፈነውም ለበሬ ነው። ቦራ፣ ዳልቻ እየተባሉ በመልካቸው ይጠራሉ፣ ይለመናሉ፣ ይሞገሳሉ። ገለባው በመንሽ ይነሳል። ነፋስ ሲመጣ እህሉ በላይዳ ወደ ላይ እየተበተነ ይጠራል። በመጨረሻ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ለከርሞ ሰው ይበለን ተብሎ።

ደቦ ለእርሻ ብቻ አይደለም። ቤት ይሠራበታል፣ እንጨት ይጓጓዝበታል። ባሏ ለሞተባት፣ ለታመመና ላረጀ ሰውም ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ምግቡ ከጠሪው አይጠበቅም፣ መጪው ይዞ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ደቦ የእኩሎች ጨዋታ ብቻ ነበር ማለት አይደለም። ብዙ ሰው መጥራት የሚችለው ብዙ ማብላት የሚችል ነው። በድሮው ሥርዓት ባላባቱ ሲጠራ መቅረት ከባድ ነበር፣ የእሱ ማሳ ላይ የሚዋልበትን ቀንም የሚመልስ የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ በኋላ ያ ዓይነቱ ጥሪ ቀረ። የዛሬው የተፋሰስ ዘመቻም አንዳንዴ ደቦ ሲባል ይሰማል። በየዓመቱ በበጋ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው እርከን ለመሥራት በነፃ ይወጣል። ጥቅሙን አልክድም። ግን ስም የሚጠራበትና ጠላ የሌለበት ሥራ ደቦ አይባልም።

አሁን ደቦው እየሳሳ ነው። ስንዴ በሚዘራበት ሜዳማ አገር ኮምባይነር ገብቷል። በኪራይ ይመጣል፣ አጭዶና ወቅቶ ይሄዳል። ወጣቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ ወይም ባሕር ዳር ይገባል። ማሳው ለልጆች እየተከፋፈለ ስለጠበበ ሠላሳ ሰው የሚያሰልፍ ቦታም ብዙ የለም። የደቦ ድግስ ደግሞ በእህል ዋጋ ሲሰላ ከቀን ሠራተኛ ክፍያ የማይተናነስበት ጊዜ አለ፣ እናም በየቤቱ ይሰላል። ወንፈሉ የተሻለ ይዟል፤ ሦስት አራት ሰው ይበቃዋል፣ ድግስም አይጠይቅም። የአጨዳውን ዜማና እንቅስቃሴ የባህል ቡድኖች መድረክ ላይ ያሳዩታል፣ ማጭዱን ሳይቀር ይዘው። ጤፉ ግን ገና በአብዛኛው በእጅ ነው የሚታጨደው። ዳገታማ ማሳ ላይ ኮምባይነር አይወጣም፣ እዚያ እስካሁን ማክሰኞ ጤፍ ያለበት ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይናገራል።