«ኒድ ብላይንድ» ምንድን ነው?

የአጎቴ ልጅ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክት ፎርሙ ላይ አንዲት ጥያቄ ጋር ስትደርስ ቆመች። «የገንዘብ ድጋፍ ይፈልጋሉ?» ትላለች ጥያቄዋ። መልሷ አዎ ወይም አይ ነው። «አዎ ካልኩ አይቀበሉኝም አሉ። አይ ልበል እንዴ?» አለችኝ።

ይህን ለመመለስ ኒድ ብላይንድ የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኒድ ብላይንድ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ማንን ልቀበል ብሎ ሲወስን የቤተሰብን ኪስ አያይም። ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች የትምህርት ውጤቱን፣ ልጁ የጻፈውን ድርሰት፣ መምህራኑ የሰጡትን ምስክርነት ይመዝናሉ። ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው እዚያ አይነሳም። ኪስንም የሚያዩት ደግሞ ኒድ አዌር ይባላሉ። ለውጭ ተማሪ የያዙት በጀት ውስን ስለሆነ፣ ሁለት ተመጣጣኝ ልጆች ሲቀርቡ ራሱን ችሎ የሚከፍለው ሊያልፍ ይችላል።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ኒድ ብላይንድ ነኝ ሲል ብዙ ጊዜ ለአሜሪካውያን ማለቱ ነው። ስታንፎርድም ኮርኔልም ለአገራቸው ልጅ ኪስ አያዩም፣ ለውጭ ተማሪ ግን ያያሉ። ለሁሉም እኩል የሆኑት በጣም ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ከነሱ ውስጥ ናቸው። በፈረንጆቹ 2022 ዳርትማውዝና ቦዶይን ይህንኑ አወጁ። ብራውንም በ2025 ከሚገቡ ተማሪዎች ጀምሮ ተከተለ። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ፣ ለምሳሌ ቤተሰቡ ዲቪ የደረሰው፣ እንደ አገሬው ነው የሚታየው።

ደግሞም ኪስ ሳያዩ መቀበል አንድ ነገር ነው፣ መክፈል ሌላ። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ትሸፍናላችሁ ወይ? ከላይ የጠራኋቸው ይሸፍናሉ። ቤተሰቡ ሊከፍል የሚችለውን ያሰሉና የቀረውን ራሳቸው ይሞላሉ። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን በጉብዝና የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚሰጡት በችግር መጠን ብቻ ነው። ኒድ አዌር ከሆኑትም ውስጥ የተቀበሉትን ልጅ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ ብዙ ስላሉ፣ እነሱን ከዝርዝር ማውጣት ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ለነገሩ ኒድ ብላይንድ የሆኑት ለመግባት እጅግ ከባዶቹ ናቸው። ሃርቫርድ ከመቶ አመልካች የሚቀበለው አራት ያህሉን ብቻ ነው።

ታዲያ «አይ» ብሎ ገብቶ በኋላ መጠየቅስ? አደራ፣ ይህን አታድርጉ። ብዙ ኮሌጆች መጀመሪያ ያልጠየቀን የውጭ ተማሪ በኋላ አይረዱም። ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የሚባለው ወረቀት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩ ካልታየ አይሰጥም። ልጁ ተቀባይነት አግኝቶ እቤቱ ይቀራል።

የአጎቴ ልጅ አዎ አለች። ከዚያ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ፎርም መጣ። የቤተሰብን ገቢና ንብረት አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ በብር መሙላትም ይቻላል። ክፍያ አለው፤ መክፈል የማይችል ልጅ ግን ኮሌጁን በኢሜይል ቢጠይቅ ነፃ የሚሆንበትን ኮድ ወይም ሌላ ነፃ ፎርም የሚሰጡ አሉ። አጎቴ መምህር ስለሆነ የደመወዝ ደብዳቤ በማኅተም አመጣ። ሚስቱ ግን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ነው የምትሸጠው፤ ምን ወረቀት ይኖራታል? የዕቁብ ደብተሯን አውጥታ ወር በወር ስንት እንደጣለች አሰላን። ከዚያ ተነስተን ገቢዋን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍንና ፈረመችበት።

አጎቴ ድምሩ በዶላር ሲመነዘር አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ይቺን ጽፈን ልጄን አይንቋትም?» አለኝ። ልጅቷ ካመለከተችባቸው አንዱ ኒድ ብላይንድ ነበር። እዚያ ይህን ቁጥር የሚያየው የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው እንደሆነና ማመልከቻዋን አንብበው የሚወስኑት ሰዎች ሌሎች እንደሆኑ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ቁጥሮቹን እንደገና ያርም ጀመር።