ቴልኔትን ስለመተው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከመሃል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲቆም፣ የአይሲቲ ባለሙያው እጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቴልኔት ነው፤ በኔትወርክ ሌላ ማሽን ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ ለመስጠት ወደ ተሠራው አሮጌ ፕሮግራም። በሰሜን ሸዋ ቢሮዎች ይህን ልማድ ላለመተው የሚቀርቡት ምክንያቶች ግን ውሃ አያነሱም።

«ፖርት ለማየት ብቻ ነው የምጠቀምበት፤ ምን ጉዳት አለው?»

ግማሹ እውነት ነው። ፖርት፣ ማለትም አንድ አገልግሎት ጥያቄ የሚቀበልበት ባለቁጥር በር፣ ክፍት መሆኑን ብቻ ስታዩ ፓስዎርድ አይላክም። ጉዳቱ ልማዱ ይዞት የሚቆየው ነገር ነው፤ ቴልኔት እጃችን ላይ እስካለ ድረስ ኔትወርኩን የሚያገናኙት ስዊችና ራውተር ውስጥም በእሱ እንገባለን፣ በመሣሪያዎቹም ላይ የቴልኔት በር የሆነው ፖርት 23 ሳይዘጋ ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) የደህንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን የወረረው በዚሁ በር ነው፤ ከፋብሪካ የመጡ 60 ያህል የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ጥንዶችን እየሞከረ።

«የውስጥ ኔትወርክ ነው፤ ማን ያየዋል?»

ቴልኔት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ኔትወርኩን ጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ በሚጠቀሙበት ዘመን ነው፤ የሚልከውን አይመሰጥርም። በኔትወርኩ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ከፍታችሁ በቴልኔት ወደ ራሳችሁ ስዊች ግቡ። የፓስዎርዱ ፊደላት በተጫኑበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ። ታቱ ዩሎነን የሚልከውን የሚመሰጥረውን የቴልኔት ምትክ፣ ኤስኤስኤችን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው ፊንላንድ ውስጥ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስዎርዶች እንዲህ ከተሰረቁ በኋላ ነው።

«ፒንግ ካልመለሰ ሰርቨሩ ወድቋል»

አይደለም። ፒንግ ማሽኑን «አለህ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው፤ ፖርት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ብዙ ፋየርዎል (የኔትወርክ ጥበቃ) ደግሞ ሆን ብሎ ይዘጋዋል።

«ምትኩን ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ የእኛ ደግሞ ይቆራረጣል»

ፖርት ለማየት የሚሆነው ምትክ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ። እንዲያውም ዊንዶውስ ላይ ከቪስታ ወዲህ ሆን ተብሎ ካልተከፈተ የማይገኘው ቴልኔቱ ነው። ቴስት-ኔትኮኔክሽን የተባለው ትእዛዝ ግን ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ የዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫ ከሆነው ከፓወርሼል ጋር አብሮ ይመጣል፤ የሰርቨሩን አድራሻና የፖርቱን ቁጥር ስትሰጡት መጨረሻው መስመር ላይ «ትሩ» ወይም «ፎልስ» ይላችኋል። ሊኑክስ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኔትካት አለ፤ «ዜድ» የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩበት ምንም ዳታ ሳይልክ ፖርቱን አንኳኩቶ ይመለሳል።

«አልተገናኘም ማለት ያው አልተገናኘም ነው»

ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኔትካት «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ሰርቨሩ ድረስ ደርሷል፤ መስመሩ ደህና ነው፣ አገልግሎቱ ግን አልተነሳም። ስለዚህ የሚደወለው ለሰርቨሩ ኃላፊ ነው። «ታይምድ አውት» ካለ ግን መልስ የሰጠ የለም፤ ወይ ፋየርዎል ውጦታል፣ ወይ መስመሩ ተቆርጧል፣ ወይ ማሽኑ ጠፍቷል። ይህን ሳይለዩ መስመር ተቆርጧል ብሎ ማመልከት ባለጉዳዩን በማይመለከተው ክፍል ደጅ ማስጠናት ነው። የዊንዶውሱ ቴልኔት ለሁለቱም «ኮኔክት ፌልድ» ብቻ ይላል።

«ፖርቱ ከተከፈተ ሁሉም ሰላም ነው»

በሩ ተከፈተ ማለት ውስጥ ያለው ሰው ሥራ ላይ ነው ማለት አይደለም። ድረ ገጹ በትክክል መመለሱን ከርል የተባለው ትእዛዝ ያሳያል፤ የሰርተፊኬቱን (የድረ ገጹን የማንነት ማረጋገጫ) ማብቂያ ቀን ደግሞ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው።

«ስዊቹ ላይ ቴልኔትን ከዘጋሁ ራሴን ቆልፌ እቀራለሁ»

ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ዓለም ከተማ ያለ ስዊች እምቢ ካለ ኮምፒውተርን ከስዊቹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘውን ኮንሶል ኬብል ይዞ መንገድ መጀመር ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ኤስኤስኤችን አስነሱ፤ የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ በሌላ መስኮት በኤስኤስኤች ግቡ። ከተሳካ ብቻ ቴልኔቱን ዝጉና እንደገና ገብታችሁ ሞክሩ። ለውጡን ሴቭ የምታደርጉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሲስኮ ስዊች ላይ ሴቭ ያልተደረገ ለውጥ መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ ስለማይቆይ፣ ብትሳሳቱም እዚያ ቢሮ ላለ ማንኛውም ሰው ደውላችሁ ሶኬቱን ነቅሎ እንዲሰካ ማድረግ ይበቃል።