ሜምብሬን ወንፊት አደለም

ኮምቦልቻ ላይ ስለ ውሃ ወሬ ከተነሳ ዞሮ ዞሮ ቦርከና ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጨርቃጨርቁ ይነሳል፣ ቆዳው ይነሳል፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ይነሳል፣ ከዛ አንዱ «አሁን እኮ አዮን ኤክስቼንጅ ሜምብሬን የሚባል አለ፣ እሱን ገጥሞ መገላገል ነው» ይላል። ሀሳቡ ጥሩ ነው (አዮን ማለት ቻርጅ ያለው ቅንጣት ነው)፣ ግን ስለዚ ሜምብሬን ከሚባለው ብዙው ልክ አደለም፣ የስህተቱ ምንጭም ባብዛኛው አንድ ነው፣ ሰው ሁሉ ወንፊት ይመስለዋል።

«በጣም ደቃቅ ወንፊት ነው፣ ቆሻሻው ላይ ይቀራል»

አይቀርም። በእጃችሁ ብትይዙት ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ሥራውን የሚሰራው በቀዳዳ መጠን ሳይሆን በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ፕላስቲኩ ሲሰራ ቻርጅ ያላቸው ነገሮች ሰንሰለቱ ላይ ተያይዘው ይቀራሉ፣ ለምሳሌ ካታዮን (ፖዘቲቭ አዮን) የሚያሳልፈው አይነት ላይ ሰልፎኔት አለ፣ ኔጋቲቭ ነው፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ፖዘቲቩ ሶዲየም ገብቶ ያልፋል፣ ኔጋቲቩ ክሎራይድ ደግሞ ይገፋል። ነገሩን ዶናን የሚባል ኬሚስት በ1911 (በፈረንጆቹ) ነው በቲዎሪ ያስቀመጠው። የሚገርመው ደሞ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ውሃ ለብሶ የሚወፍረው ሶዲየሙ ነው፣ የሚያልፈውም እሱ ነው፣ ቀጭኑ ክሎራይድ ይመለሳል፣ ይሄን በወንፊት ሂሳብ አስረዱኝ እስኪ።

«ውሃው በሜምብሬኑ አልፎ ንፁህ ሆኖ ይወጣል»

ይሄ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው፣ ብዙ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት፣ እዛ ውሃው በግፊት ያልፋል ጨው ይቀራል። የኛው ሜምብሬን የሚገባበት ኤሌክትሮዲያሊሲስ ግን ተቃራኒው ነው፣ ካታዮን የሚያሳልፍና አናዮን (ኔጋቲቭ አዮን) የሚያሳልፍ ሜምብሬን እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ኤሌክትሮድ አለ፣ ከረንቱ ጨውን ከውሃው ጎትቶ ያወጣዋል፣ ውሃው ባለበት ይቀራል። እና ቻርጅ የሌለው ነገር ሁሉ አብሮት ይቀራል፣ ባክቴሪያውም ሳይወጣ ይቀራል። ጨው ቀነሰ ማለት ታይፎይድ የለበትም ማለት አደለም፣ ክሎሪኑ የግድ ነው።

ባይ ዘ ዌይ ዲያሊሲስ ሲባል ደሴ ሰው ኩላሊት ነው የሚመጣበት። የኩላሊቱ ማሽን በዋናነት በሞለኪውል መጠን ነው የሚለየው፣ እዛ ጋ የወንፊት ሀሳብ ያስኬዳል።

«ክሮም ይሁን ቀለም ሁሉንም ጠራርጎ ያወጣል»

እዚ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ለኮምቦልቻ ዋናው ይሄ ነው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ባብዛኛው ክሮም ሶስት ነው፣ ፖዘቲቭ ነው፣ ሶስት ቻርጅ ስላለው ካታዮን ሜምብሬኑ ውስጥ ይገባና ሰልፎኔቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፣ አያልፍም አይወጣም፣ ሜምብሬኑ ቀስ እያለ ሥራ ያቆማል። መርዛማው ክሮም ስድስት ደግሞ ከኦክስጅን ጋ ተያይዞ ክሮሜት ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ኔጋቲቭ ነው፣ ስለዚ የሚሄደው በሌላኛው በኩል ነው። አንድ ንጥረ ነገር፣ ሁለት አቅጣጫ! የጨርቃጨርቅ ሪአክቲቭ ቀለሞችም ኔጋቲቭ ናቸው፣ ግን ግዙፍ ሞለኪውል ስለሆኑ አናዮን ሜምብሬኑ ላይ ተለጥፈው ይደፍኑታል። ለዚ ነው ክሮም ሶስቱ መጀመሪያ በአልካላይ ተዘቅጦ፣ ቀለሙም በሌላ መንገድ ተነስቶ፣ ሜምብሬን መጨረሻ ላይ የሚገባው። ከዛም በኋላ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በሰዓት ከ2 እስከ 4 ጊዜ እየገለበጡ የተለጠፈውን የሚያራግፉ ሲስተሞች አሉ። ዝም ብሎ ከፋብሪካው ቱቦ ጫፍ ላይ ልግጠም ያለ ሰው ብሩን ቦርከና ውስጥ ጣለው ማለት ነው።

«ጨዉ ይጠፋል»

የት ይሄዳል? ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር በሊትር በአስር ግራሞች የሚቆጠር ጨው ይገባል፣ ቆዳም ሳይበላሽ የሚቆየው በጨው ነው፣ የተለመደው በባክቴሪያ የሚሰራ ማጣሪያ ደሞ የሟሟ ጨው አይነካም። ኤሌክትሮዲያሊሲስ የሚያደርገው ጨዉን ትንሽ ውሃ ውስጥ ማከማቸት ነው፣ ያ ጨው የተከማቸበት ውሃ (ብራይን) መልሶ ወንዝ ከገባ ምን ሰራን? እኔ በግሌ ከሪሰርቹ ሁሉ የሚጥመኝ እዚ ጋ የሚመጣው ባይፖላር ሜምብሬን ነው፣ ሁለቱን አይነት ሜምብሬን ጀርባ ለጀርባ የለጠፈ፣ ከረንት ሲያገኝ ውሃን አሲድ ወደሚሰራው ኤች (H⁺) እና ቤዝ ወደሚሰራው ኦኤች (OH⁻) የሚሰነጥቅ። ሶዲየም ሰልፌት ከገባ በአንድ በኩል ሰልፈሪክ አሲድ፣ በሌላው ኮስቲክ ሶዳ ይወጣል፣ አንዱን ቆዳው ይፈልገዋል ሌላውን ጨርቃጨርቁ። አሲዱ ውሃ የበዛበት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ዋጋውም ቀላል አደለም፣ ግን አቅጣጫው ትክክል ነው።

«መብራት ይበላል፣ ለኛ አይሆንም»

የሚበላው ባወጣው ጨው ልክ ነው፣ ስለዚ ለባህር ውሃ ውድ፣ መጠነኛ ጨው ላለው የጉድጓድ ውሃ ግን ያዋጣል። የሚፈልገውም ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከረንት) ስለሆነ ከሶላር ጋ ይስማማል፣ በ2015 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ሰዎች ከህንዱ ጄይን ኢሪጌሽን ጋ በሶላር የሚሰራ እንዲህ አይነት ማሽን ሰርተው የዩኤስኤይድን የዲሳሊኔሽን ሽልማት ወስደዋል።

«ቻርጅ በበዛ ቁጥር ሜምብሬኑ ይሻላል»

እስከ ልክ። ቻርጅ ሲበዛ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ማሳለፍ የሌለበትን ማሳለፍ ይጀምራል። ሪሰርቸሮቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚታገሉት ከዚ ጋ ነው። ሌላው ትግል ናፊዮን የሚባለው ሜምብሬን ነው፣ የአሜሪካው ዱፖንት ካምፓኒ በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) ያወጣው፣ ፊውል ሴል (ከሃይድሮጅን መብራት የሚያመነጭ መሣሪያ) ውስጥ ያለው፣ ጠንካራ ነው ግን ፍሎሪን የሞላበት ስለሆነ ተፈጥሮ ውስጥ አይበሰብስም፣ አሁን ብዙው አዲስ ሥራ ፍሎሪን የሌለው ምትክ ፍለጋ ነው።

«ይሄ የውጭ ላብራቶሪ ሥራ ነው»

አብሽሩ። የሜምብሬን ዋና ቁጥር፣ ስንት ቻርጅ እንዳለው፣ በሚዛን፣ በኦቨንና በታይትሬሽን (አሲዱን ለመመለስ ስንት ኮስቲክ ሶዳ እንደፈጀ ጠብ እያደረጉ መለካት) ይለካል። አሲድ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡት፣ ጨው ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ የወጣውን አሲድ በኮስቲክ ሶዳና ማለቁን ቀለም ቀይሮ በሚያሳየው ፊኖልፍታሌን ታይትሬት አድርጉት፣ ከዛ ለደረቅ ክብደቱ አካፍሉ። ናፊዮን 117 ከሆነ ስሙ ላይ ያለው 11 ማለት 1100 ግራም ለአንድ ሞል ቻርጅ ነው፣ ስለዚ በግራም 0.91 ሚሊሞል አካባቢ መምጣት አለበት። ከዛ በልጦ ከመጣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት አጠባችሁን ነው፣ ትርፍ አሲድ ቀርቷል ማለት ነው።