ስለ ጢስ ዓባይ የሚባለውና እውነታው

አሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው ጢስ ዓባይ ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል። ያንን ምስል በልቡ ይዞ መጋቢት ላይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሚያገኘው ጥቁር ድንጋይና በጎን የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነው። ብዙው የተሳሳተ ወሬ የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

«ዝናብ ስለጠፋ ደረቀ»

የዝናብ ማነስ ያባብሰው ይሆናል እንጂ ዋናው ምክንያት አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ የጨረጨራ ግድብ አለ። ከ1996 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የክረምቱን ውሃ ሐይቁ ውስጥ አስቀርቶ በበሮቹ በልክ ይለቃል። ከተለቀቀው ውስጥም ለጢስ ዓባይ አንድ (በ1964 የተከፈተ፣ 11.4 ሜጋ ዋት) እና ለጢስ ዓባይ ሁለት (በ2001፣ 73 ሜጋ ዋት) ማመንጫዎች የሚያስፈልገው ከፏፏቴው አፋፍ በላይ በቦይ ይጠለፋል። ይህ ውሃ ገደሉን የሚወርደው በቱቦ ነው፤ ተርባይኑን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ወንዙን ይቀላቀላል።

ከ2010 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ የተባለው የመብራት ማመንጫ መጣ። ውሃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ወስዶ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የመሬት ውስጥ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። የጢስ ዓባይ ገደል ከፍታ ከ40 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ወደ በለስ ያለው ቁልቁለት ግን ከ300 ሜትር ይበልጣል። ያው አንድ ባልዲ ውሃ በዚያ በኩል ሲወርድ ብዙ እጥፍ መብራት ይሰጣል፤ ማመንጫው 460 ሜጋ ዋት የሆነውም ለዚህ ነው። በለስ ኋላ ላይ ዓባይን ቢቀላቀልም የሚገናኙት ከፏፏቴው እጅግ ርቆ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ግድም ነው። በዚህ መንገድ የሄደው ውሃ ጢስ ዓባይን ጨርሶ አያየውም።

«እንግዲያው መሄድ ከንቱ ነው»

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ። ሐይቁ ሞልቶ በሮቹ ሲከፈቱ፣ ከባሕር ዳር በታች የሚገባው የአንዳሳ ወንዝም ሲሞላ፣ ገደሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ይሆናል። ጢሱ ፊት ለፊት የቆመን ሰው ልብስ ያርሳል፤ ስልክ በላስቲክ ይጠቅለል። ከፏፏቴው በታች ባለው አሮጌው የአላታ ድልድይ በኩል ያለው የእግር መንገድ በዚያ ወቅት ጭቃ ነው፤ የለሰለሰው ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሆንም። መራመድ የሚከብደው ሰው ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ መቅረብ ይችላል፤ ወንዙ ከመጠን በላይ ሲሞላ ግን መሻገሪያው አደገኛ ነው።

«የዓባይ መነሻ ነው»

አይደለም። ምንጩ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው፤ ከዚያ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል።

«ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል»

ከልጅነት ጀምሮ የምንሰማው ነው፣ ውብም ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ ሲገባ አፈር የተሸከመው ቀይ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ተለይቶ ስለሚታይ ወሬው መነሻ አያጣም። ነገር ግን ጣና ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ነፋሱ እስከ ታች ያማስለዋል። ጉማራ፣ ርብና መገጭም ይገቡበታል። ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው የሁሉም ድብልቅ ነው።

«ድልድዩን የሠራው ፖርቹጋል ነው»

ከፏፏቴው በታች፣ ወንዙ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ታፍኖ በሚያልፍበት ላይ የተጋደመው የአላታ ድልድይ «የፖርቹጋል ድልድይ» ሲባል ይኖራል። ያሠራው አፄ ሱስንዮስ ነው፣ በ1626። በዘመኑ አገሩ ውስጥ የነበረው ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚያው አካባቢ ተገኘ፤ ሥራውን የመራውም ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ከሰባራ ድልድይ ጋርም አይምታታ፤ ያኛው ብዙ ወደ ታች፣ ሞጣንና አንዳቤትን የሚያገናኘው ነው።