«ጂኑ ተገኘብኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ሲኤሲኤንኤ1ኤ የሚባል ጂን ተገኘብኝ» የሚል ድንጋጤ ስለበዛ ላብራራው። ይህ ጂን የሌለው ሰው የለም! ክሮሞሶም 19 ላይ ሆኖ፣ ካልሲየም ወደ ነርቭ ሴል የሚገባበት በር ዋና ክፍል የሚሠራበትን መመሪያ ይዟል። ምርመራው የሚፈልገው የጂኑን መኖር ሳይሆን በመመሪያው ጽሑፍ ላይ የደረሰውን ለውጥ ነው።

ለምሳሌ በጂኑ ውስጥ «ሲኤጂ» የሚሉት ሦስት የመመሪያው ፊደላት ይደጋገማሉ። እስከ 18 ጊዜ ቢደጋገሙ ችግር የለውም፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ትንሹን አንጎል (እንቅስቃሴን የሚያስተባብረውን የኋላ አንጎል ክፍል) ቀስ በቀስ የሚጎዳና የሰውነት ሚዛንን የሚያሳጣ ሕመም ያስከትላሉ። በዚሁ ጂን ላይ የሚከሰት ሌላ ዓይነት ለውጥ ደግሞ ግማሽ አካልን ለጊዜው የሚያዝል ማይግሬን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪምዎን «የትኛው ለውጥ?» ብለው ይጠይቁ።

ሚዛን የሚያሳጣው ሕመም የሚጀምርበት ዕድሜ ግን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ይለያያል።