የሶዶ መንገድ ድንጋዮች፦ ከጢያ እስከ መልካ ቁንጡሬ

በሶዶ ምድር የቆመ ትክል ድንጋይ የማን እንደሆነ ለሚጠይቅ መንገደኛ የአገሬው መልስ ከስሙ ይጀምራል፤ «የግራኝ ድንጋይ» ይሉታል። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደጋውን ሲያናውጥ ትዝታው በየአገሩ ስለቀረ፣ ምንጩ የተረሳ ሐውልትና ፍራሽ ሁሉ በእርሱ ይሳበባል። የጢያ ድንጋዮች ግን እርሱ ከመወለዱ ከ100 ዓመት በላይ ቀድመው የቆሙ ናቸው።

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስፍራው 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሶዶ አካባቢ የታወቁት መሰል ስፍራዎች ግን 160 ያህል ይደርሳሉ፤ ዝናው ለጢያ ብቻ መሰጠቱ ሌሎቹን ሳይጎዳ አልቀረም።

ወደ አንዱ ድንጋይ ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከላይ የሰይፍ ምስሎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ክብ ምልክቶች፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ቅጠሉን የዘረጋ እንሰት የሚመስል ቅርጽ ይታያል። አስጎብኚዎች ሰይፎቹ ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ናቸው ይላሉ። ማብራሪያው ያምራል፤ ሆኖም ድንጋዩ ላይ አንድም ፊደል የለምና የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም ቃል አልተገኘም። ቁፋሮው ያረጋገጠው ስፍራው የመቃብር ቦታ መሆኑን ነው። ሙታኑ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እንደ ፅንስ ተጠቅልለው ተቀብረዋል፤ ዘመናቸውም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ከጢያ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ አዋሽን ይሻገራል። መሻገሪያው መልካ ቁንጡሬ ይባላል፤ «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ስለሆነ፣ ቢያንስ ይህ ስም አላሳሳተም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፤ በአፈ ታሪክ ሥራዋ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል፣ ዛሬም ይቀደስባታል።

የመልካ ቁንጡሬን ጥንታዊነት እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋለው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረ። ወንዙ በሸረሸረው ገደል ላይ ደለሉና የእሳተ ገሞራው አመድ ተነባብረው ይታያሉ፤ በየንብርብሩም የድንጋይ መሣሪያና የእንስሳት አጥንት አለ። ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የሰው ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹም የሕፃናት ይገኙባቸዋል። ጭቃው ላይ የተራመደ የሕፃን እግር ይህን ያህል ዘመን መቆየቱን ሳስብ፣ ከየትኛውም ሐውልት ይልቅ የሚደንቀኝ እርሱ ነው።

በአቅራቢያው ያለው ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 ከመልካ ቁንጡሬ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰዎች ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁርና አንጸባራቂ ድንጋይ የሚያገኙት ከዚያ ነበር። ድንጋዩን በአማርኛ ባልጩት እንለዋለን፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለቱን ይጠቀሙበት ነበር። ስብርባሪው ዛሬም ባልጪት መሬት ላይ ተበትኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል።